አዲስ አማኝ ይጠመቅ ወይስ ይጠበቅ?

ሰሞኑን ሐዋሳ ባለን አማኞች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ አዲስ አማኞች ነው። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይሄ ነው፦ ጌታን የተቀበለ ሰው ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይማር አይጠመቅ። ከተጠመቀም በኋላ ፍሬው እስኪታይ ከጌታ እራት ይቆይ። አምስት ምክንያት አቅርበዋል። ቶሎ የተጠመቀ ቶሎ ይወጣል። ያልገባው ሰው መጠመቅ የለበትም። ሳይገባው የሚበላ ፍርድ ይበላል። የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ሰውን ሦስት ዓመት ታስጠብቅ ነበር። የሐይቅ ዳር ጥምቀታችን ደግሞ ትርዒት ሆኗል።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ጽሑፋቸው ግን የተቆርቋሪ ሰው ነው። ያስተማሯቸው ሰዎች አንድ በአንድ ሲጠፉባቸው አይተው ያዘኑ ይመስለኛል። እኔም በአንድ ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት ትምህርት ሳስተምር ስምንት ዓመት አልፎኛል። የጠፉብኝን ሰዎች ስም ከነመልካቸው አስታውሳለሁ። ስለዚህ በሽታው ላይ ተስማምተናል። ያልተስማማነው መድኃኒቱ ላይ ነው።

«ቶሎ የተጠመቀ ቶሎ ይወጣል»

ይህ አባባል ትክክል ከሆነ ሐዋርያት ትልቅ ስሕተት ሠርተዋል ማለት ነው። በበዓለ ኀምሳ ቀን 3 ሺህ ያህል ሰው የተጠመቀው በዚያው በሰማበት ቀን ነው። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ደግሞ የእኛው ሰው ነው። ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነብባል። ፊልጶስ ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠና አስረዳው። ጥቂት እንደሄዱ ውሃ አገኙ። «እነሆ ውኃ፤ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» አለ። ፊልጶስ «እስቲ መጀመሪያ ዓመት ተማር» አላለውም። አጠመቀው። ከዚያ ፊልጶስ ተወሰደ፤ ጃንደረባውም ያለ አስተማሪ፣ ደስ ብሎት መንገዱን ቀጠለ።

ጸሐፊው «እነዚያ እኮ ብሉይን ያውቁ ነበር፤ ጃንደረባውም ለመስገድ የሄደ ሰው ነው» ሊሉ ይችላሉ። ጥሩ ክርክር ነው። ግን የፊልጵስዩሱን የወኅኒ ጠባቂ ምን እናድርገው? አሕዛብ ነው። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ሰይፍ መዝዞ ራሱን ሊገድል የነበረ ሰው ነው። ቃሉን ሰማ፣ የጳውሎስንና የሲላስን ቁስል አጠበ፣ በዚያው ሌሊት ከቤተሰቡ ጋር ተጠመቀ። ብሉይ ኪዳን ይወቅ አይወቅ የጠየቀው የለም።

ሩቅ ሳንሄድ ጎረቤታችንን ወላይታን እንይ። በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሚሲዮናውያኑ ሲወጡ እዚያ የቀሩት የተጠመቁ አማኞች 48 ገደማ ነበሩ። ጣሊያን ወጥቶ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ የጠበቃቸው ቁጥር ወደ 10 ሺህ ይገመታል። እነዚያን ሁሉ ያስተማሩትና ያጠመቁት ማን ናቸው? ራሳቸው ትናንት የተጠመቁት ገበሬዎች። የትምህርት መጽሐፍ የላቸውም። ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በቋንቋቸው የላቸውም። ስደትም ነበረባቸው። የጸሐፊውን የአንድ ዓመት ደንብ ይዘው ቢሆን ኖሮ የቤተ ክርስቲያን ታሪካችን ዛሬ ሌላ መልክ በያዘ ነበር።

ታዲያ ሰው ለምን ይወጣል? እኔ ካየሁት ልናገር። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ከተመረቀ ወዲህ ክላሴ ውስጥ የሚመጡት ብዙዎቹ ከገጠር የገቡ ወጣት ሴቶች ናቸው። አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ሥራቸው በሺፍት ነው። እኛ ደግሞ ትምህርቱን እሑድ ከሰዓት አድርገን «ሦስት ጊዜ የቀረ ከመጀመሪያው ይጀምር» የሚል ሕግ አወጣን። አንዷ ልጅ ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመረች። በአራተኛው አልመጣችም። ስሟን መዝገቡ ላይ «ያቋረጠች» ብዬ ጻፍኩት። እሷ ግን ያቋረጠችው ክላሱን ነው፤ ክርስቶስን ማቋረጧን በምን አወቅሁ? ቤቷ ሄጄ አላየኋት። ጸሐፊው «በኋላ በር የሚወጡ» ያሏቸው ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው ብዬ እፈራለሁ። ተጠምቀው የወጡ አይደሉም። ሳናጠምቃቸው ደጅ ላይ ቆመው የደከማቸው ናቸው።

«ያልገባው ሰው አይጠመቅ»

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር።

አንዲት እናት ነበሩ። ሐይቁ ዳር የጀበና ቡና ይሸጣሉ። ሃምሳን ተሻግረዋል። የሚያስቡት በሲዳምኛ ነው፤ አማርኛቸው ለደንበኛ የሚበቃ ያህል ነው። ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ማንበብ አይችሉም። አሥራ አራት ወር ሙሉ አንድም ቀን ሳይቀሩ መጥተው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰሙኝ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ሦስት ሽማግሌዎች ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። እኔ ጥግ ላይ የስም ዝርዝሩንና እስክሪብቶ ይዣለሁ። አንደኛው «በጽድቅና በቅድስና መካከል ያለውን ልዩነት ያስረዱን» አሏቸው። ዝም። «ስለ ሥላሴስ?» ዝም። የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ይጠቀልሉታል፣ ይፈቱታል፣ ደግሞ ይጠቀልሉታል። «እሺ፣ ጥምቀት ምንድን ነው?»

ቀና አሉ። «ሞቼ ነበር። አሁን የእሱ ነኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ይጠበቅ የነበረው ሮሜ 6፥4ን በቃል መወጣት ነው። በስማቸው ትይዩ «ገና» ብዬ ጻፍኩ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም።

ማታ ሮሜ 6ን ገልጬ አነበብኩ። ጳውሎስ ስለ ሞት ይናገራል፣ ስለ መቀበር፣ ከዚያም ስለ አዲስ ሕይወት። እኚያ እናት ያንኑ በአምስት ቃል ጨርሰውታል። የወደቁት በአማርኛ ነው እንጂ በእምነት አይደለም። ሐዋሳ ውስጥ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ከተማዋ በአንድ ቀን ስንት ቋንቋ እንደምታወራ ገበያ የወጣ ያውቃል። ፈተናችን ግን በአንድ ቋንቋ ብቻ፣ ያውም በመጽሐፍ አማርኛ ነው።

ጸሐፊው «ታዲያ ትምህርት ይቅር ነው የምትለው?» ይሉኝ ይሆናል። አይደለም። ሰው ማን መሆኑን ለማያውቀው ጌታ አይጠመቅም። ኢየሱስ ማን ነው፣ ምን አደረገልኝ፣ ምን ትቼ እከተለዋለሁ፤ ይሄን ሊያውቅ ይገባል። ይሄን ለማስተማር ግን አሥራ አራት ወር አይፈጅም። አራት አምስት ሳምንት በእርጋታ ቁጭ ብሎ ማውራት ይበቃል። የቀረው የዕድሜ ልክ ትምህርት ነው። ማቴዎስ 28ንም ጸሐፊው ጠቅሰውታል፤ ግን ግማሹን። ጌታ «እያጠመቃችኋቸው» ካለ በኋላ ነው «እያስተማራችኋቸው» ያለው።

«ሳይገባው የሚበላ ፍርድ ይበላል»

የጽሑፋቸው ልብ ይሄ ነው። ሰውም የፈራው ይሄንን ነው። ስለዚህ ጊዜ ልወስድበት።

1ኛ ቆሮንቶስ 11፥27 በእኛ አማርኛ «ሳይገባው ይህን እንጀራ የበላ» ይላል። እስቲ ቃሏን ቀስ ብለን እንያት። አማርኛ እዚህ ላይ ተጫውቶብናል። «ሳይገባው አጨበጨበ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ሳይረዳ ማለት ነው። «ሳይገባው ተሾመ» ስንልስ? ሹመቱ የእሱ ሳይሆን፣ ሳይመጥነው ማለት ነው። ቃሉ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት። ጸሐፊው በሁለተኛው ነጥባቸው «ያልገባው» ብለው ጀመሩ፤ በሦስተኛው «ሳይገባው» ብለው ጥቅሱን አመጡ። አንባቢው ሳይታወቀው «ትምህርቱን ያልተረዳ ሰው ከበላ ይሞታል» ወደሚል ሐሳብ ተሻገረ። እሳቸው ሆን ብለው አድርገውታል አልልም። እኔም ስንት ዓመት እንደዚያው ነበር የማነበው። ጳውሎስ ግን ስለ መረዳት ማነስ እየተናገረ አይደለም።

ግሪኩ ላይ ያለው ቃል የአበላሉን ሁኔታ የሚገልጽ ነው። በማይገባ አኳኋን፣ ማዕዱን በማያከብር መንገድ መብላት ማለት ነው። የሚበላው ሰው ብቃት አልተመዘነም። በብቃት ቢሆንማ ማን ይቀርብ ነበር? እኔ ራሴ ስምንት ዓመት አስተምሬ የጌታን እራት ትሪ ዝም ብዬ ማሳለፍ ነበረብኝ።

የቆሮንቶስ ሰዎች ምን አድርገው ነው ታዲያ እንዲህ የተቆጣቸው? ቁጥር 21ና 22 ላይ በግልጽ አለ። የጌታ እራት ከእውነተኛ ምግብ ጋር ይበላ ነበር። ያላቸው ሰዎች የየራሳቸውን እራት ቀድመው ይበላሉ። የሌላቸው ይራባሉ። «አንዱም ይራባል አንዱም ይሰክራል» ይላል። በእኛ አገር ሠርግ አስቡት። ትላልቆቹ እንግዶች እልፍኝ ገብተው ክትፎውንና ጠጁን ሲጨርሱ ድንኳን ጥግ ያሉት ባዶ ሳሕን ይዘው ይጠብቃሉ። ጳውሎስን ያስቆጣው ይሄ ነው። «አንዳችም የሌላቸውንም ታሳፍራላችሁን?» ብሎ ነው የጠየቀው።

ልብ በሉ። የተወቀሱት አዲሶቹ አይደሉም። ነባሮቹ ናቸው፣ ቦታ የያዙት፣ ጥጋበኞቹ። ጸሐፊው ደጋግመው የጠቀሱት፣ ስለ ብዙዎች መድከምና መታመም የሚናገረው ቃል የተጻፈው ድኻውን ላሳፈሩት ነው። እኛ ያንኑ ጥቅስ ይዘን ድኻዋን ከማዕዱ አስቀረንበት።

ቁጥር 28ም አለ። «ሰው ግን ራሱን ይፈትን፥ እንዲሁም ከእንጀራው ይብላ።» ሁለት ነገር አለበት። ፈታኙ ራሱ ሰውየው ነው፤ ኮሚቴ አልተቋቋመም። የፈተናው መጨረሻ ደግሞ «ይብላ» ነው። «ይቆይ» አይደለም። ምዕራፉም ሲያልቅ፣ ቁጥር 33 ላይ፣ መፍትሔው ምን እንደሆነ ይናገራል፤ «ለመብላት በተሰበሰባችሁ ጊዜ እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ»። ጸሐፊው ጥበቃ ይወዳሉ፤ ጳውሎስም ይወዳል። ጳውሎስ ጠብቁ ያለው ግን የዘገየው ሰው ደርሶ አብሮ እንዲበላ ነው።

የወሩ መጀመሪያ እሑድ እኚያ እናት አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ቅዳሜ ማታ እህቶች የዘፈዘፉት የዘቢብ ጭማቂ በትንንሽ ብርጭቆ፣ ቂጣውም ተቆራርሶ በትሪ መጣ። ከመድረክ «ያልተጠመቃችሁ ለሚቀጥለው አሳልፉ» ተባለ። ትሪውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። አንድ ጠብታ እንዳይፈስ፣ ትኩስ ቡና ለእንግዳ እንደሚያቀርቡት፣ ጎንበስ ብለው ለእኔ ሰጡኝ። እኔ በላሁ። እውነቱን ለመናገር ያን ዕለት ቂጣው አልዋጥልህ አለኝ።

«የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ዓመት ታስጠብቅ ነበር»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ከሞላ ጎደል ልክ ናቸው። «ሐዋርያዊ ትውፊት» የሚባለው ጥንታዊ የሥርዓት መጽሐፍ አዲስ ሰው ቃሉን ሦስት ዓመት ይስማ ይላል። ያልጠቀሱት ግን ቀጥሎ ያለውን ነው። ሰውየው ትጉ ከሆነ የሚመዘነው ጊዜው ሳይሆን ምግባሩ ነው ይላል። ጊዜውም የስደት ዘመን ነበር፤ ሰላይ ሊገባ ይችላል፤ ተጠማቂውም ነገ ሊገደል ይችላል። መጠንቀቃቸው አይገርምም።

ከዚህ በላይ የሚያስገርመው ሌላ ነገር ነው። በዚያው መጽሐፍ መሠረት ሰዎቹ ዶሮ ሲጮኽ ይጠመቃሉ፤ ወዲያው ከማዕዱ ይቀርባሉ። እንጀራና ጽዋው ሲሰጣቸው ወተትና ማርም ተቀላቅሎ ይሰጣቸው ነበር፤ ተስፋዪቱ ምድር ገባችሁ ለማለት። የጸሐፊው «ተጠምቆም ፍሬው እስኪታይ ይቆይ» የሚለው ሐሳብ ከጥንቷ ቤተ ክርስቲያን አልመጣም። እኛው የጨመርነው ነው። ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችንንም እንይ። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ተጠምቃ በዚያው ዕለት ትቆርባለች። በሕፃናት ጥምቀት ላይ ልዩነት አለን፤ እኛው ፕሮቴስታንቶቹም እርስ በርሳችን አንስማማበትም፤ መካነ ኢየሱስ ሕፃን ታጠምቃለች፣ ሙሉ ወንጌልና ቃለ ሕይወት አያጠምቁም። እሱን ዛሬ አልነካውም። ግን አዲስ የተጠመቀን ሰው ከማዕድ ማራቅ ለእነሱም እንግዳ ነገር ነው።

በአንድ ነገር ከጸሐፊው ጎን እቆማለሁ። አንዳንድ ወጣት አገልጋዮች «ጥምቀት ኖረ አልኖረ፣ የመጣ ሁሉ ይብላ» ማለት ጀምረዋል። አልስማማም። «ዲዳኬ» የሚባለው በጣም ጥንታዊ ጽሑፍ ያልተጠመቀ ከቁርባኑ አይብላ ይላል። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ሰማዕቱ ዮስጢኖስም ያንኑ መስክሯል። በግእዙ ቅዳሴም ዲያቆኑ ንኡሰ ክርስቲያኑን፣ ገና እየተማረ ያለውን ያልተጠመቀ ሰው፣ «ፃኡ» (ውጡ) የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። መጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎ ማዕዱ። ቅደም ተከተሉን አልነካም። ለዚህም ነው እኚያ እናት ትሪውን ማሳለፋቸው የማንም ሳይሆን የእኔ ዕዳ የሆነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቀናል እያልን የመጀመሪያውን በር ለአሥራ አራት ወር ቆለፍነው።

«የሐይቅ ዳር ጥምቀት ትርዒት ሆኗል»

እውነት ነው። ሰው ከውሃ ሳይወጣ ሦስት ስልክ ፊቱ ላይ ይደገናል። ነጭ ልብሱ ሰውነቱ ላይ ተጣብቆ እየተንቀጠቀጠ «ፈገግ በል» ይባላል። ይቅር። በዚህ ነጥብ ክርክር የለኝም። ግን ችግሩ ሐይቁ አይደለም። ሐይቅ የማይመቻቸው ቤተ ክርስቲያኖች ገንዳ ሠርተዋል፤ ስልኩ እዚያም አለ። ዲዳኬም ወራጅ ውሃ ይሻላል፣ ካልተገኘ ሌላ ውሃ፣ እሱም ካልተገኘ ራስ ላይ ሦስት ጊዜ አፍስስ ብሎ ነገሩን አቅልሎታል። እኔ ሐይቁን የምመርጠው ስለለመድኩት ነው። ማለዳ ጉማሬ ያለበትን ጎን የሚያውቅ ሰው ካለ ማለቴ ነው።

ወደ እኚያ እናት ልመለስና ላብቃ። ከፈተናው ሁለት ሳምንት በኋላ ቡና ልጠጣ ሄድኩ። በርጩማ ሰጡኝ። ረከቦቱ ላይ ሲኒ እያጠቡ ቀና ሳይሉ «መምህሬ፣ ውሃው እዚሁ ነው እኮ» አሉ። ከጀርባቸው ሐይቁ ተዘርግቷል። የምመልሰው ጠፋኝ። «እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «አንተን አይደለም የጠየቅኩት» ብለው ሳቁና ቡናውን ቀዱልኝ።

ሽማግሌዎቹን ለመንኩ። አንደኛው ሲዳምኛ ተናጋሪ ናቸው፤ በዚያው በቋንቋቸው ቁጭ ብለው አነጋገሯቸው። አሥር ደቂቃም አልፈጀም። ሽማግሌው ከክፍሉ ሲወጡ መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሐይቅ ወረድን። ዓሣ አጥማጆቹ ከመረባቸው ጋር እየተመለሱ ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዳሩ ላይ ቆመው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። አንዱ አጥማጅ ከጀልባው ላይ «ይበርዳል፣ ቶሎ በሉ!» ብሎ ጮኸ። ፎቶ ያነሣ የለም። ከውሃው ሲወጡ ጋቢ አለበስናቸው። ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ ይስቃሉ።

የወሩ መጀመሪያ እሑድ በማግስቱ ነበር። ትሪው ሲደርሳቸው ለአፍታ አዩኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ። ቂጣዋን አነሱ፣ ትንሿን ብርጭቆ አነሱ፣ ትሪውን ለእኔ አሳለፉ።

ከጸሎት በኋላ በሩ ላይ ያዙኝ። «መምህሬ፣ ረቡዕ ትምህርት አለ አይደል? ተጠመቁ ብለህ እንዳታስቀረኝ!»